የቪኔቱ ባለ ብር ጠመንጃ

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ፣ ሰደፉ በብርማ ምስማሮች ያጌጠ
ሠሪ፦ ኦስካር ማክስ ፉክስ፣ 1896 እ.ኤ.አ.
ካርል ማይ ሙዚየም፣ ራደቦይል፣ ጀርመን

ይህ ጠመንጃ የአሜሪካን ሜዳ አይቶ አያውቅም። በልብ ወለዱ የአፓቼው አለቃ የቪኔቱ መሣሪያ ሲሆን፣ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ተቀብሯል። ደራሲው ካርል ማይ ግን ድሬስደን አካባቢ በሚኖር ጠመንጃ ሠሪ አሠርቶ ቤቱ ውስጥ ሰቀለው።

ማይ በ1842 በሳክሰኒ ከድሃ ሸማኔ ቤተሰብ ተወለደ። ከ14 ልጆች ዘጠኙ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። መምህርነት ቢማርም በስርቆትና በማጭበርበር ደጋግሞ ታሰረ፤ ከ1870 እስከ 1874 የቆየው በቫልድሃይም ወህኒ ነበር። ከእስር ሲወጣ ብዕሩን እንጀራው አደረገ።

በ1893 የቪኔቱ ሦስት ቅጾች ታተሙ። ታሪኩን የሚተርከው ጀርመናዊው ጀግና ኦልድ ሻተርሃንድ ነው። ማይም «ኦልድ ሻተርሃንድ እኔ ነኝ» እያለ የአዳኝ ልብስ ለብሶ ፎቶ ተነሣ፤ መኖሪያውንም ቪላ ሻተርሃንድ አለው። አንባቢው አመነው።

ጋዜጦች የእስር ታሪኩን ሲያወጡ ስሙ ጎደፈ፤ የመጨረሻ ዓመታቱም በፍርድ ቤት ክርክር አለፉ። አሜሪካን የረገጠው በ1908፣ በ66 ዓመቱ ነው፤ ያየውም ምሥራቁን እንጂ በልብ ወለዱ የተረከውን ምዕራብ አይደለም።

በ1912 ራደቦይል ውስጥ አረፈ። ሙዚየሙ በ1928 የተከፈተው በዚያው በመኖሪያው ግቢ ነው።