የደቡብ በር

በሐዲያና በከምባታ ዓመት የሚሻገረው በመስከረም አጋማሽ ነው። ሐዲያዎች በዓሉን ያሆዴ፣ ከምባታዎች መሳላ ይሉታል። ችቦው ከመለኮሱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ርቆ የሄደም ወደ ወላጆቹ ደጅ ይመለሳል። ወንዶች ለቅርጫ በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶች ሲያጠራቅሙ የከረሙት ቅቤ ወጥቶ ከቡላ ጋር አታካና ይሠራበታል። ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነው። ይህ ልማድ ከወንጌል ሰባኪዎች መምጣት ይቀድማል። ሐዲያዎች ፋንዳኖ በተባለው የቀድሞ እምነታቸው ዋአ የሚሉትን የሰማይ አምላክ ይለምኑ፣ የእስልምና አሻራ ያለበት ጾምም ይጾሙ ነበር። ስለዚህ በሽግግር ጊዜ መጾምና መጸለይ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አልነበረም።

በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመሩ የሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሰዎች ከአዲስ አበባ ሲነሡ ሐሳባቸው ጅማ ነበር። መንገዱ ግን ወደ ደቡብ መራቸውና በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶና በሲዳማ ጣቢያ ከፈቱ። ካቶሊኮቹ ካፑቺኖች ደግሞ በከምባታ ዋሰራ ላይ ተተከሉ። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ሚስዮናውያኑ ለቀው እንዲወጡ ተደረገ፤ ገና ጀማሪ የነበሩት ማኅበሮች ያለ አስተማሪ ቀሩ፤ ከመሪዎቻቸውም የታሰሩ ነበሩ። በጎረቤት ወላይታ የተጠመቁት አማኞች በዚያን ጊዜ 50 አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው። በሐዲያና በከምባታም ማኅበሩ በአገሬው ሰዎች እጅ አድጎ ነበር። ሰው የደረሰበትን መከራ ራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አስተያይቶ መተርጎም የለመደው በእነዚያ ዓመታት ነው ማለት ይቻላል፤ የሚጠይቀው ፈረንጅ በአጠገቡ አልነበረምና።

መሬቱ ግን ከሰዉ ጋር አላደገም። እንሰት ብዙ ሕዝብ ይመግባል፤ ማሳው ከአባት ወደ ልጆች ሲከፋፈል ግን ከጓሮ አያልፍም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የከምባታና የሐዲያ ወጣቶች ለአገዳ ቆረጣ ወረዱ፤ ኋላም ወደ መተሐራ። ያ ስደት ከበዓሉ ጋር የተስማማ ነበር። ሠራተኛው ወቅቱን ጨርሶ ለመሳላ ወይም ለያሆዴ ይገባል፤ ታርቆ፣ ተመርቆ ይመለሳል።

ደቡብ አፍሪካ ይህን ለበዓል ገብቶ የመመለስ ሥርዓት ሰበረች። በ1986 ዓ.ም. አፓርታይድ ሲያከትም በሩ ተከፈተ። በሆሳዕና እንደሚነገረው ግን በሩን የከፈተው ትንቢት ነው። በ1993 ዓ.ም. ከካናዳ የመጣ ሰባኪ በከተማዋ በተደረገ ታላቅ ጉባኤ ላይ እግዚአብሔር ለወጣቶቹ ወደ ደቡብ መንገድ እንደሚከፍት ተናገረ ይባላል። የስደቱን ታሪክ ያጠኑ ሰዎችም ይህን ትረካ መዝግበውታል። መሬት ማጣትና ሥራ ማጣት ትንቢት ሳይኖርም ሰውን ያስነሣ ነበር፤ ትንቢቱ የጨመረው የመሄድን ትርጉም ነው። እርሻ ትቶ የሚወጣ ልጅ የሸሸ ሳይሆን የተላከ ሆነ። ከመነሣቱ በፊት ይጾማል፤ ይጸለይለታል፤ አንዳንዱ የሚነሣበትን ቀን ሳይቀር አገልጋዮችን ይጠይቃል። ቀጥሎ ገንዘቡ ለደላላ ይከፈላል፤ ጉዞው በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ ይቀጥላል።

የደረሰው በሎኬሽን፣ ማለት በጥቁሮቹ ሰፈር፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ በዱቤ እያዞረ ይሸጣል፤ ሲጠነክር ሱቅ ይከፍታል። ጆሃንስበርግ ውስጥ በአማርኛ የሚዘመርባቸው አብያተ ክርስቲያናት ተቋቋሙ፤ ከዚያ የሚላክ ገንዘብም በሆሳዕና ፎቅ፣ በገጠሩ የቆርቆሮ ቤትና የጸሎት ቤት ሆነ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ዜጎች ላይ የተነሣው ጥቃት የኢትዮጵያውያንን ሱቆችም አልማረም።

መንገዱም ገዳይ ነው። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ዶዶማ አጠገብ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞቱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ከአንድ ኮንቴይነር 64 አስከሬን ወጣ፤ በሕይወት የተገኙት 14 ነበሩ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ ላይ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ለሄደ ልጅ የተነገረው ተስፋ እንዲህ ያለውን ሞት አላካተተም ነበርና፣ ለሐዘኑ ቃል ማግኘት ለቤተ ክርስቲያኑም ከስንብቱ ጸሎት ይልቅ ከባድ ሆኗል።

በደቡብ አፍሪካ ሰው ሲሞት የአገሩ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑን ይልካሉ። መንገድ ላይ ለጠፋው ግን አስከሬን አይመጣም፤ ቤተሰቡ ፎቶግራፉን አስቀምጦ ለቅሶ ይቀመጣል።