የሚተኛ ኮምፒውተርና የሚነቀል ማኅደር



በምዕራብ ደቡብ ወሎ ስለ መጻሕፍት መጥፋት ሲነሣ ወጉ የሚጀመረው ከመቅደላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ከአምባው ብራናዎችን ጭነው ሄደዋልና። እኔ የማነሣው ጥፋት ግን ወራሪ አይሻም። ከደብር የተነሣ የብራና ፎቶግራፍ ቤተ መጻሕፍት እስኪገባ ድረስ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በአንድ ፍላሽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ይህ ሥጋት አልነበረበትም፤ ፊልም አንዴ ከታጠበ ማንም ማሽን አይጽፍበትም።

የፍላሹ ችግር ሥሩ እ.ኤ.አ. 1996 ነው። በዓመቱ መግቢያ ዩኤስቢ ወጣ፤ ዕቃ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ እንዲሰካና እንዲነቀል ፈቀደ። በዓመቱ ማብቂያ ኤሲፒአይ የተባለው ደንብ የኮምፒውተርን መተኛትና መንቃት ሥርዓት አስያዘው። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት በሁለቱም እጃቸው አለበት፤ ሁለቱ የሚጋጩበት ቀዳዳ ግን ቀረ።

የተኛ ኮምፒውተር የፍላሹን የፋይል ማውጫ በትውስታው ይዞ ይቆያል። በመካከሉ ፍላሹን ነቅለን በሌላ ኮምፒውተር አዲስ ፎቶ ጨምረንበት ብንመልሰው፣ የነቃው ኮምፒውተር ፍላሹን እንዳልተነካ ቆጥሮ የቀድሞውን ማውጫ በአዲሱ ላይ ሊጽፍበት ይችላል። ፎቶዎቹ ያኔ ይጠፋሉ፤ አንዳች ማስጠንቀቂያም ላይታይ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ የላፕቶፕ ክዳን ዘግቶ መነሣት ልማዳችን ነውና ነገሩ ሩቅ አይደለም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ እትም ወዲህ በፍላሽ ላይ የሚጻፈውን ሳያዘገይ ይጽፋል፤ ይህ በድንገት ለተነቀለ ፍላሽ ይረዳል፣ ይዘቱ ለተለወጠ ግን ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ፍላሹን በትእዛዝ ማስወጣት ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ሳለ ከተነቀለም የሚሰካው ከነቃ በኋላ ብቻ ነው።