የአትባራ ኩሬዎች፦ በገላባት ዙሪያ የነበረው የዓሣ ማጥመድ

የሱዳኗ የድንበር ከተማ ገላባት በታሪክ መጻሕፍት የምትነሣው አብዛኛውን ጊዜ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ከወደቁበት ከመተማ ጦርነት ጋር ነው። ከተማይቱና ከኢትዮጵያ በኩል ያለችው መተማ በአንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ የሚለያዩ የንግድ ጎረቤቶች ሲሆኑ፣ በአቅራቢያቸው የሚያልፈው ወንዝ በኢትዮጵያ ጓንግ፣ ወደ ሱዳን ሲዘልቅ አትባራ ይባላል። በዚህ አገር ዓሣ የሚጠመድበትን ጊዜም ሆነ የሚጠመድበትን መሣሪያ የሚወስነው የዚሁ ወንዝ ጠባይ ነው፤ ከጥር እስከ ሰኔ ባለው በጋ ፍሰቱ እየተቋረጠ በጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ይቀራል፣ በክረምት ደግሞ ከደጋው የታጠበ አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ይሞላል።

ይህን ድንገተኛ ለውጥ በጽሑፍ ካስቀሩት መካከል ዋነኛው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1861 በደረቀው የአትባራ ዳርቻ ሰፍሮ ሳለ በሌሊት እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋ በሞተው የወንዝ አሸዋ ላይ 500 ያርድ ያህል ስፋት ያለው ውኃ ይፈስስ ነበር። ከዚያ ቀደም ባሉት ሳምንታት ዓሣው፣ አዞው፣ ጉማሬውና የውኃ ኤሊው በየኩሬው ተፋፍገው ስለ ነበር፣ ቤከር ትንሽ ሕያው ዓሣ በመንጠቆ ላይ ሰክቶ በዘንግና በረጅም ገመድ ትልልቅ ዓሦችን ያጠምድ ነበር። የዚህ ጉዞው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው።

በአካባቢው የሚኖሩት የሐምራን ዐረቦች በበኩላቸው ጉማሬን በጦር መሰል መውጊያ ያድኑ ነበር። መውጊያው በገመድ ከአምባች ጋር ይታሰራል፤ አምባች በረግረግ የሚበቅል፣ ከቡሽ የማይተናነስ ቀላል እንጨት ስለ ሆነ በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ የቆሰለው እንስሳ የት እንደ ጠለቀ ያሳያል። በደጋውና በወይና ደጋው ኢትዮጵያ ደግሞ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተፈጭቶ በውኃ ላይ ሲበተን ዓሣውን አደንዝዞ ወደ ላይ ያወጣዋል። ብርብራ የሚሠራው ውኃው በቆመበት ወይም በዝግታ በሚሄድበት ቦታ በመሆኑ፣ ይህ ልማድ በጋን ይጠብቃል።

በኩሬ ላይ ለማጥመድ የሚሆን ሌላ መሣሪያ፣ ፖፐር የሚባለው ሰው ሠራሽ የዓሣ ማታለያ፣ ግን ከዚህ ርቆ፣ በአሜሪካ የተወለደ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ጄምስ ሄደን የተባለ የሚሺጋን ሰው ከእንጨት የእንቁራሪት ቅርጽ እየጠረበ ዓሣ ያጠምድ እንደ ነበር ይነገራል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚዛመደው ፖፐር ግንባሩ እንደ ጽዋ የጎደጎደ ስለ ሆነ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ውኃውን እየረጨ «ጶፕ» የሚል ድምፅ ያሰማል፣ አዳኝ ዓሣም የቆሰለ ነገር የሚንፈራገጥ መስሎት ይወረወርበታል። አትባራ ውስጥ ለዚህ የሚመጥኑ ዓሦች አሉ፤ ሱዳኖች ዒጅል የሚሉት ናይል ፐርች፣ በተለይም ካስ የሚሉት ስለታም ጥርስ ያለው፣ ወደ ውኃው ገጽ ተጠግቶ የሚያድነው ዓሣ። ችግሩ የክረምቱ ጎርፍ ነው፤ በጭቃ ውኃ ውስጥ አዳኙ ራሱ ማየት ስለሚሳነው፣ ይህ ዘዴም እንደ ብርብራ የሚሰምረው በጠራው የበጋ ኩሬ ላይ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች በመንፈስ የተራራቁ ቢሆኑም የቀን መቁጠሪያቸው አንድ መሆኑ ያስገርማል።

የኩሬውን ዘመን የለወጠው ግድብ ነው። በአስዋን ከፍተኛ ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ ለተፈናቀሉት ኑቢያውያን መስኖ ይሆን ዘንድ በአትባራ ላይ የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠራ፤ ማጠራቀሚያው ከነበረው 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አቅም ከግማሽ በላዩ በደለል ሞላበት። ደለሉን ለማጠብ በጎርፍ ወራት ግድቡ ተከፍቶ ሲለቀቅ ጭቃው የዓሣውን መተንፈሻ ይደፍነዋል፣ ዓሣውም በብዛት ያልቃል። ከዚያ ግድብ ሽቅብ፣ የአትባራና የሰቲት ወንዞች በሚገናኙበት አካባቢ፣ የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመረቁ ቤከር መንጠቆውን ይጥልበት የነበረው የወንዝ ዓለም ወደ ሰፊ ሐይቅ ተቀይሮ ነበር።