የበቅሎ መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፦ የፖቶማክ ሸለቆ ቦይና የጸጥታው ታሪክ



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም መኪና የማይገባበት ጸጥተኛ መንገድ እንዴት ይፈጠራል የሚል ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ስናይ ተፈጥሮ የሰጠችን፣ ዘመናዊነትም ረስቶ ያለፈው ስጦታ ይመስለናል። እኔ ግን ጸጥታውም እንደ ሕንፃና እንደ ሕግ የራሱ ታሪክ እንዳለው፣ ከበስተኋላውም የሠራተኞች ድካም፣ የኩባንያ ኪሳራና የአደባባይ ክርክር እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ማስረጃዬን የምወስደው በአሜሪካ ከሚገኘው ከቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ነው። ቦዩ ከዋሽንግተን ዲሲ የጆርጅታውን ሰፈር ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ ግራ ዳርቻ በመከተል በሜሪላንድ ግዛት እስከምትገኘው ከምበርላንድ ከተማ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በዳሩ የሚሄደው የአፈርና የጠጠር መንገድ ቀድሞ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚያልፉበት ሲሆን፣ ዛሬ የእግረኞችና የብስክሌተኞች ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩት በርካታ ወገኖቻችንም ሩቅ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ለታሪክ ተመራማሪ የመጀመሪያው ሰነድ መንገዱ ራሱ ነው። በብስክሌት በተጓዝሁበት ጊዜ እንዳስተዋልሁት፣ መንገዱ ለረጅም ርቀት ሜዳ ሆኖ ይቆይና አልፎ አልፎ አጭር አቀበት ይመጣል። ከአቀበቱ አጠገብ ከድንጋይ የተገነባ ባለ ሁለት በር ክፍል ይታያል። ሽቅብ የሚጓዝ ጀልባ ወደዚህ ክፍል ከገባ በኋላ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ሲለቀቅበት ጀልባው ከፍ ይላል፤ ከዚያም የፊቱ በር ተከፍቶ ጉዞው ይቀጥላል። በቦዩ ላይ እንዲህ ያሉ 74 ክፍሎች አሉ። በድምሩ የሚያነሡት ከፍታ 184 ሜትር ያህል ነው፤ አንዱ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። ውሃው ሳይጣደፍ እንዲቆም ቦዩ ደልዳላ መሆን ነበረበት፤ ቦዩ ደልዳላ ሲሆን በዳሩ ያለው የበቅሎ መንገድም ደልዳላ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ ብስክሌተኛውን የሚያስደስተው ልስላሴ ከመቶ ሰባ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ለበቅሎ ጉልበት የተሰላ ነው።

የሐሳቡ ምንጭ ከቦዩ ይቀድማል። ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፣ በ1785 የፖቶማክን ወንዝ ለጀልባ ምቹ የሚያደርግ ኩባንያ በኃላፊነት መርቷል። ያ ኩባንያ በፏፏቴዎቹ ዙሪያ ያስቆፈራቸውን አጫጭር ቦዮች ከሠሩት መካከል ከጌቶቻቸው በኪራይ የተወሰዱ ባሪያዎች ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ የተነሣው የቼሳፒክና ኦሃዮ ኩባንያ ደግሞ አጫጭሮቹን ትቶ ተራሮችን አቋርጦ እስከ ኦሃዮ ወንዝ የሚደርስ አንድ ረጅም ቦይ ለመቆፈር ተነሣ። ሐምሌ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ክዊንሲ አዳምስ የመጀመሪያውን አፈር ቆፈሩ። በዚያው ዕለት በባልቲሞር ከተማ የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ሐዲድ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድ ቀን ተወለዱ ማለት ይቻላል።

የቁፋሮው ሥራ በአብዛኛው በአየርላንድ ስደተኞች ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። በ1832 ኮሌራ በሠራተኞቹ ሰፈሮች ገብቶ ብዙዎችን ጨረሰ። በ1834 በሠራተኞች መካከል ግጭት በተነሣ ጊዜ ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን የፌደራል ጦር ላኩ። ፖ ፖ በተባለው ስፍራ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው 950 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ በ1836 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ1850 ነው። ቦዩም ከምበርላንድ የደረሰው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ባቡሩ ስምንት ዓመት ቀድሞ በ1842 ደርሶ ነበር። ገንዘቡ አለቀ፤ የኦሃዮ ወንዝ ሕልምም እዚያው ቀረ።

ያም ሆኖ ቦዩ ወዲያውኑ አልሞተም። ከምበርላንድ አካባቢ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ለረጅም ጊዜ አኖረው። አንድ ጀልባ እስከ 120 ቶን ገደማ ይጭናል፤ ጥቂት በቅሎዎች ሲጎትቱ፣ ተለዋጮቻቸው በጀልባው ውስጥ በተሠራላቸው ጋጥ ያርፋሉ። ብዙውን ጊዜ ጀልባው የቤተሰብ መኖሪያም ነበር፤ በቅሎ የሚነዱትም ልጆች ነበሩ። የ1889 ታላቅ ጎርፍ ግን ኩባንያውን ለኪሳራ ዳረገው፤ ቦዩም በዋነኛ አበዳሪው በዚያው ባቡር ኩባንያ ቁጥጥር ሥር ወደቀ። በ1924 ሌላ ጎርፍ የጀልባ ሥራውን ፈጽሞ አቆመው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ላስምርበት። የባቡር ኩባንያው ቦዩን ይዞ ያቆየበት አንዱ ምክንያት መሬቱ ዌስተርን ሜሪላንድ በተባለ ሌላ የባቡር ኩባንያ እጅ እንዳይገባ ስለፈለገ ነው። ይህ የንግድ ቅናት መሬቱ ተቆራርጦ እንዳይሸጥ አደረገ። በ1938 የፌደራል መንግሥት ቦዩን በ2 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ የተረከበው ያልተበጣጠሰ አንድ ረጅም ሰንሰለት ነበር። የታችኛውን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ያደሱት በድቀቱ ዘመን ለሥራ አጥ ወጣቶች ሥራ በሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም የታቀፉ፣ በዘር ተለይተው በሰፈሩ ካምፖች የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቦዩ ላይ ለመኪና ሽርሽር የሚሆን ጎዳና የመሥራት ዕቅድ ቀረበ። በጥር 1954 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ዕቅዱን የሚደግፍ ርእሰ አንቀጽ አወጣ። የጋዜጣው መከራከሪያ መናቅ የለበትም፤ ሸለቆው ውብ ከሆነ ለብዙኃኑ ይከፈት የሚል ነበርና። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ደግሞ በዚያው ወር በጋዜጣው ላይ በታተመ ደብዳቤ የርእሰ አንቀጹን ጸሐፊ አብሯቸው ቦዩን በእግር እንዲጓዝ ጋበዙ። በመጋቢት ወር ጉዞው ከከምበርላንድ ተጀመረ፤ ከተነሡት በርካታ ሰዎች ሙሉውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን አሻሻለ፤ የጎዳናው ዕቅድም ቀስ በቀስ ቀረ። ቦዩ በ1961 ብሔራዊ ሐውልት፣ በ1971 ደግሞ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ተባለ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የአንድ ደፋር ዳኛ ገድል ሆኖ ይተረካል። በእኔ አመለካከት ይህ ትረካ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ዳግላስ የተሟገቱለትን መንገድ የቆፈሩት አይሪሾች፣ ያደሱት ጥቁር ወጣቶች፣ ሳይቆራረጥ ያቆየው ደግሞ የተፎካካሪ ኩባንያ ስስት ነው። የእግር ጉዞው ፍሬ ያፈራው የሚሟገቱለት መንገድ ገና በአንድ እጅ፣ በአንድ ቁራጭ ስለነበረ ነው። መሬቱ ቀደም ብሎ በየፈርጁ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ፣ ዘጠኝ ሰው ቀርቶ ዘጠኝ ሺህ ሰው ቢጓዝ መልሶ ሊገጥመው ባልቻለ ነበር።

ፍጻሜውም ትምህርት አለው። በ2013 ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የብስክሌት መንገድ ተጠናቀቀ። ፒትስበርግ የኦሃዮ ወንዝ የሚጀምርባት ከተማ ናት። ስለዚህ ቦዩ ያልደረሰበት ግብ ከ185 ዓመታት በኋላ በብስክሌት ተደረሰ። የዚህ መንገድ ሰፊ ክፍል የተዘረጋው ደግሞ በዚያው በተፈራው በዌስተርን ሜሪላንድ ባቡር የተተወ ሐዲድ ላይ ነው። በመሬት የተፎካከሩት ሁለቱ መሥመሮች ሥራ ፈትተው ከቆዩ በኋላ በአንድ ብስክሌተኛ ጎማ ሥር ተገናኙ።

ውድ ተማሪዎች፤ አንድ መሥመር የተሠራበት ዓላማ ሲያበቃ ዋጋው አብሮ አያበቃም። ነገር ግን ዓላማው ካለቀበት ጊዜ አንሥቶ አዲስ ጥቅም እስኪገኝለት ያለው ዘመን እጅግ አደገኛው ነው፤ ጠባቂ የለውምና። በፖቶማክ ሸለቆ ይህ ዘመን በአጋጣሚ ታለፈ። አጋጣሚ ግን ፖሊሲ አይደለም። የታሪክ ባለሙያ ድርሻ ሥራ የፈታ ሐዲድ፣ ቦይ ወይም የጥንት መንገድ ሲያይ ማን እንደሠራው፣ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ፣ ሳይቆራረጥ ይኑር እንደሆነ መመዝገብ ነው፤ መዝገቡ ክርክሩን ሊቀድም ይገባል።