መካከሉ ላይ ማን ይቁም?

በ2011 ዓ.ም. የኅዳር ጽዮን ዕለት በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ማኅሌት ቆሜ አደርኩ። ከአዲስ አበባ አብራኝ የመጣች የእህቴ ልጅ ነበረች፤ ያን ጊዜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሲነጋ ወጥተን ጣናን እያየን ከአንድ ዛፍ ሥር አረፍ እንዳልን «ጋሼ፣ ሌሊት መካከል የቆሙት መምህር፣ ሴንተሩ ማለቴ ነው፣ እንዴት ተመረጡ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሳቅሁ። መሳቄ ግን ጥያቄው ቀላል ስለሆነ አልነበረም፤ መልሱ ስላልነበረኝ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

«ሴንተር» የሚለው ቃል ከወዴት እንደመጣ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አባቶቻችን ኮሪያን ያወቋት እ.ኤ.አ. በ1951 የቃኘው ሻለቃ በዘመተ ጊዜ ነበር፤ ልጆቻችን የሚያውቋት ግን በዘፈን ነው። ኬ-ፖፕ በሚባለው ሙዚቃ ውስጥ የአንድ ቡድን አባላት እንደየሥራቸው ይከፋፈላሉ፤ ዋናው ድምፃዊ አለ፣ ዋናው ተወዛዋዥ አለ፣ መሪ አለ። «ሴንተር» የሚባለው ደግሞ በሰልፉ መካከል የሚቆመውና ካሜራው አዘውትሮ የሚያርፍበት ነው። የግድ ከሁሉ የተሻለ ዘፋኝ አይደለም፤ መሪውም ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ኩባንያው ሲሆን፣ መልኩን፣ አወዛወዙንና የተመልካችን ዓይን የመሳብ ኃይሉን ይመዝናል። በየዘፈኑ የሚያፈራርቁ ቡድኖችም አሉ።

እኛም ዘንድ ቢሆን መካከል መቆም ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። የማዕረግ ስሞቻችን ልብ ብሎ ላያቸው ሰው የሰልፍ ካርታ ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው፣ ቀኝአዝማች የቀኙ፣ ግራአዝማች የግራው፣ ደጃዝማች የደጃፉ አዝማች ነው። ሁሉም የተሰየሙት ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በተለካ አቅጣጫ ነው፤ ያ ነጥብ የንጉሡ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ሠፈሩ አብሮት ይነሣል፤ ሲያርፍም ድንኳኑ ከመካከል ይተከልና ሌላው እንደየማዕረጉ ዙሪያውን ይሰፍራል። በዚያ መካከል የሚያርፈውን ሰው ግን የመረጠው ማንም አልነበረም። የትውልድ ሐረግ ይጠራዋል፤ ሐረጉን የሚጋራ ሌላ ተቀናቃኝ ሲነሣ ደግሞ ሰይፍ ይፈርዳል።

ጎርጎራ ይህን በደንብ ታውቃለች። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1607 ያዕቆብን በጎል ጦርነት ድል ነሥቶ ዙፋኑን አጸና፤ ከዚያም ጎርጎራን ከመቀመጫዎቹ አንዷ አደረጋት። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በዚያው ቤተ መንግሥት አሠራለት። ዛሬ ማርያም ግምብ እየተባለ የሚጠራው የካቶሊካውያኑ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበሉን በይፋ አሳወቀ፤ በ1626 ደግሞ በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዙን በመሐላ አጸና። መካከሉን ከያዝኩ ቀኙም ግራውም ይከተለኛል ብሎ ያሰበ ይመስላል። የተከተለው ግን ዐመፅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1632 በወይና ደጋ በገዛ ወገኖቹ ላይ ድል አደረገ፤ ብዙ ሺህ ሰው ግን ሜዳው ላይ ቀረ። በዚያው ዓመት የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ወራትም ሳይቆይ ሞተ። ከመካከል ቆሞ ያዜመውን ዜማ ቀኝና ግራው አልቀበልም አለው። ድል አድርጎም እንኳ ሊያስቀበላቸው አልቻለም።

የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝ ግን ስለ ሌላ ዓይነት መካከል ነው። በማኅሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የቀኙን ረድፍ ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ግራ ጌታ ይመራዋል፤ ከመካከል መሪጌታው ይቆማል። አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ይመልሳል። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ቀጥሎ መቋሚያው እየተወዛወዘ በዝማሜ፣ ከዚያም ጸናጽልና ከበሮ ገብተው በመረግድና በጽፋት ይሄዳል። መካከል የሚቆመው ሰው ከዚያ የሚደርሰው ዓመታት በፈጀ ትምህርት ነው። ድጓውን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋስዕቱን በዙር አባ፣ ቅኔውን በዋሸራ ወይም በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ አቋቋሙን በጎንደር በአታ ሲል፣ ኮቸሮውን እየለመነ አገር ለአገር ይዞራል። አቋቋሙ ራሱ እንኳ ላይ ቤት፣ ታች ቤት፣ ተክሌ እየተባለ ይለያያል፤ የአንዱን ስልት ተምሮ በሌላው ልምራ ቢል ወዲያው ይታወቅበታል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው ይታወቅበታል። ቀኝ ጌታውም ግራ ጌታውም ዜማውን ያውቁታል። መሪጌታው አንዲት ምልክት ቢስት የሚሰማው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ረድፎች አብረው ይሰማሉ። ቅኔ ሲቀርብም እንዲሁ ነው፤ ምሥጢሩ የሞላለት «ይበል!» ይባላል፤ የጎደለበት ጉድለቱን እዚያው ቆሞ ይቀበላታል። ስለዚህ መሪጌታው አንድ ቀን ተመርጦ ለዘለዓለም የተቀመጠ ሰው አይደለም፤ በየበዓሉ ሌሊት እንደገና የሚመረጥ ነው። መራጮቹም በቀኝና በግራው የቆሙት ናቸው።

ይህን ስል የአባቶቻችንን ሥርዓት እንከን የለሽ ማድረጌ አይደለም። ሹመት በደጅ ጥናት፣ በዘመድና በባለሥልጣን ፊት መወደድ ሲሰጥ የኖረ ነገር ነው፤ ቤተ ክህነትም ከዚህ አልጸዳችም። ሴቶች ደግሞ ከመካከሉ ቀርቶ ከረድፉም አልነበሩም። ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለወንዶች ሊቃውንት ቅኔ አስተማሩ፤ ደቀ መዝሙሮቻቸው በቆሙበት ማኅሌት ግን እርሳቸው ሊቆሙ አይችሉም ነበር። ዕውቀት ብቻውን ይፈርዳል የሚለው ሥርዓት በዚህች አንዲት ሴት ፊት ሲቆም ያፍራል።

እንግዲህ ወደ እህቴ ልጅ ሴንተር እንመለስ። ጃፓኖች ከኮሪያውያኑ ቀድመው ኤኬቢ48 በተባለው የልጃገረዶች ቡድን ውስጥ መካከል የምትቆመውን በምርጫ መለየት ጀመሩ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ድምፅ መስጫው ከዘፈኑ ሲዲ ጋር ስለሚሸጥ ብዙ ሲዲ የገዛ ብዙ ድምፅ ሰጠ። በ2010 ደግሞ ልጃገረዶቹን ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ አጫውተው አሸናፊዋን ለአንድ ዘፈን ከመካከል አቆሟት። ዕጣ ነውር የለበትም፤ በይሁዳ ፈንታ ማትያስም የተመረጠው በዕጣ ነው። ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮዲውስ 101 የተባለ የቴሌቪዥን ውድድር አመጣች፤ ሕዝቡ በድምፁ 11 ልጃገረዶችን ይመርጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘችው ሴንተር ትሆናለች። ተመልካቹንም «የሕዝብ ፕሮዲውሰር» ብለው ሰየሙት።

ከጎርጎራ በተመለስን በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019፣ የአራተኛው ዙር ውጤት ታወጀ። ተመልካቾች ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መርምረው አንድ ነገር አገኙ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 29,978 ድምፅ ነበር፤ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከልም 29,978፤ ከዚያ በታች ባሉ ደረጃዎችም ይኸው ቁጥር ተመላለሰ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ማጭበርበሩ የአንድ ዙር ብቻ እንዳልነበረም ታወቀ። አዘጋጁ አን ጁን-ዮንግ እ.ኤ.አ. በ2020 የ2 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከዚያ ውድድር የወጣው ኤክስ1 የተባለ ቡድንም በጥር 2020 ፈረሰ። የእህቴ ልጅ ያን ሰሞን ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። እናቷ «ለዘፈን ነው የምታለቅሺው?» ብላ ተቆጣቻት። እኔ ግን ለዘፈን እንዳላለቀሰች ገብቶኝ ነበር።

የገባኝም እኔ የ1997 ዓ.ም. ምርጫን በዓይኑ ያየ ትውልድ ስለሆንኩ ነው። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ፤ ከዚያ ቆጠራው አወዛገበ፤ ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን መዘገበ። በዘፈን ውድድርና በአገር መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ አንዱ እንባ፣ ሌላው ደም ያስከፍላል። ቁስሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። ሰው ያልመረጠውን መካከል አድርጎ ማቆም በደል ነው፤ አንተ ነህ የመረጥከው ብሎ ማቆም ግን በደል ላይ ስድብ መጨመር ነው። ሱስንዮስ ቢያንስ ሕዝቡን «አንተ መርጠኸኛል» አላለውም።

ልጄ፣ ዘግይቼም ቢሆን መልሴ ይህ ነው። ያን ሌሊት መካከል የቆሙትን መምህር ማን እንደሾማቸው አላውቅም፤ ምናልባት የደብሩ አለቃ፣ ምናልባት ዕድሜያቸው። ለአንድ ሌሊት ያቆያቸው ግን ሹመቱ አልነበረም። ቢስቱ የሚያርሟቸው ሰዎች በቀኝና በግራቸው ቆመው ነበር፤ የሚያርሟቸውም ለማረማቸው አይቀጡም ነበር። ኩባንያም ይምረጥ ሕዝብ፣ ዕጣም ይሁን ዕውቀት፣ መካከሉ ላይ የቆመውን ሰው ስታዪ ስለ እርሱ ብዙ አትጠይቂ። ቀኝና ግራው ዜማውን ያውቁት እንደሆነ፣ ሲስትም «ሳትክ» ለማለት ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ።