ቂሽር ቡና ያጣ ሰው መጠጥ አይደለም

ጁምዓ ከሰዓት ሳብያ ወይ አቡ ዓሪሽ ገበያ ዳር ብትወጡ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚሸት ትኩስ ነገር በብርጭቆ የሚሸጡ የመናውያን አታጡም። ቂሽር ነው። መልኩ ሻይ ይመስላል፣ ስኳሩ በዛ ይላል፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። እኔ በጣም ነው የምወደው። ከኛ ሰው ግን «ገለፈት እኮ ነው፣ ቡና ያጣ ነው የሚጠጣው» ሲባል ስለምሰማ ታሪኩን ልጻፍላችሁ አልኩ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ገለፈት መሆኑስ እውነት ነው። ቂሽር በዐረብኛ ቅርፊት ማለት ነው። ቡናው ደርቆ ሲፈለፈል የሚቀረውን ቅርፊት ከዝንጅብል ጋር ያፈሉታል፤ ቀረፋ ወይ ሄል የሚጨምርም አለ። የሐረር ልጅ ካለች ይሄ አይገርማትም፤ እነሱም ገለፈቱን ከወተት ጋር አፍልተው ሆጃ ይሉታል።

ዛፉ የኛ ነው፤ ዛሬም በከፋና በአካባቢው ጫካ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። አብዱልቃድር አል ጀዚሪ የሚባል ጸሐፊ በ1558 አካባቢ በጻፈው መጽሐፍ ላይ፣ ቡናን ለየመን ሱፊዎች ያስለመዱት አዝ ዘብሃኒ የተባሉ የአደን ሼህ ናቸው የሚል ታሪክ አለ። ሼሁ ባሕሩን ተሻግረው በኛ በኩል ባለው አገር ኖረው፣ ሰው ሲጠጣው አይተው ነው የተመለሱት። ያው እኛም ነፍሳችንን ይዘን የተሻገርነው ባሕር ነው። ሱፊዎቹ ሌሊት ዚክር ላይ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ነበር። ልብ በሉ፣ ያኔ «ቀህዋ» የሚባለው ከፍሬው ብቻ አልነበረም የሚሠራው፤ ከቅርፊቱ ብቻም፣ ከሁለቱም ይሠራ ነበር። ስለዚህ ቂሽር የቡና ምትክ ሳይሆን አብሮ አደጉ ነው።

በ1511 መካ ላይ ኻይር ቤግ የሚባል ሹም ሰዎች ሌሊት ተሰብስበው ሲጠጡ አየና፣ ዑለማና ሐኪም ጠርቶ ቡናን አስከለከለ። ካይሮ ያለው ሱልጣን ግን እንደሱ አላከረረውም፣ ሰዉም ወደ ስኒው ተመለሰ። ለኔ ሹሙን ያስፈራው ከመጠጡ ይልቅ መሰብሰቡ ይመስለኛል።

ነገሩ የተለወጠው ንግዱ ሲመጣ ነው። በ1600ዎቹ እንግሊዞችና ሆላንዶች ሞካ ወደብ ድረስ መጥተው ፍሬውን ይገዙ ጀመር። ፍሬው ወደ መርከብ፣ ገለፈቱ ወደ ቤት። በ1763 የመን የነበረው መንገደኛ ካርስተን ኒቡር፣ የአገሩ ሰው ቡና እያመረተ ራሱ የሚያዘወትረው ቂሽር እንደሆነ ጽፏል። ግን የድሃ ብቻም አልነበረም። ከሱ በፊት በ1700ዎቹ መጀመሪያ ዣን ደ ላ ሮክ የሚባል ፈረንሳዊ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቅርፊቱ መጠጥ የትልልቅ ሰዎች ነው፤ ስሙም «የሱልጣን ቡና» ተብሏል። እኛስ ጋ? ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ ሲከለክል አልኖረም? እናቶቻችን ስንት ጊዜ ከተራፊው ቆልተዋል።

እዚህ ጂዛን ተራራው ላይ፣ ፋይፋና ዳይር፣ የኸውላኒ ቡና በእርከን ላይ ይለማል። የሳዑዲና የየመን ድንበር የተወሰነው በ1934 በጣኢፍ ስምምነት ነው፤ ቡናው ግን ከዚያ በፊት በሁለቱም በኩል ነበር። በ2022 ዩኔስኮ የኸውላኒ ቡና አለማምን ዕውቀት በቅርስነት መዘገበ፤ ሳዑዲም ያንን ዓመት የቡና ዓመት ብላ ሰየመችው። እና ማዳም «ይሄ የኛ ቡና ነው» ስትልሽ አትዋሽም፣ እርከኑን የሠሩት የነሱ አያቶች ናቸው። አንቺም «ዛፉ የመጣው ከኛ አገር ነው» ብትዪ አትዋሺም።

ገለፈቱ የመኖች ቅመም ሱቅ በኪሎ ይሸጣል። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ እፍኝ፣ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ስኳር እንደ ፍላጎት፤ ሩብ ሰዓት ይፍላና ይጠለል። ወተት ስለሌለው ለጾምም ይሆናል። ማታ ግን አታብዙት፣ እንቅልፍ ይነሳል።