የናፖሊ ጥንታዊ የልደት ምስሎች፦ ሰብሳቢው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ

በካሊፎርኒያ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱ ቀደም ብለው ከሰፈሩት መካከል ጣሊያናውያን ይገኙበታል፤ የኦክላንዱ ቴመስካል በጣሊያናውያን ነዋሪዎቹ ይታወቅ ነበር፤ በሳን ሆዜ ደግሞ ብዙዎቹ በፍራፍሬ እርሻዎችና በማሸጊያ ፋብሪካዎች ሠርተዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጌታን ልደት በሥዕል ስታሳይ፣ ጣሊያናውያን «ፕሬዜፔ» በሚባል የቅርጻ ቅርጽ ስብስብ ያሳዩታል።

ልማዱ የሚያያዘው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ እ.አ.አ. በ1223 በግሬቾ መንደር ግርግም አዘጋጅቶ፣ በሬና አህያ አቁሞ ካከበረው በዓል ጋር ነው። ጥበቡ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በናፖሊ ነው። ከ1734 እስከ 1759 የነገሠው ቻርልስ ሥራውን በቤተ መንግሥቱ አስፋፋ፤ እንደ ጁዜፔ ሳንማርቲኖ ያሉ ታላላቅ ቀራጮችም ተሳተፉበት።

የዘመኑ ምስል ራሱ ከተተኮሰ ሸክላ፣ ዓይኑ ከመስታወት፣ እጅና እግሩ ከእንጨት ይሠራል። አካሉ በቃጫ የተጠቀለለ ሽቦ በመሆኑ እንደልብ ይታጠፋል፤ ልብሱ ብዙ ጊዜ ሐር ነው። ከቅድስት ቤተሰብ በተጨማሪ እረኞች፣ ነጋዴዎች፣ ለማኞችና ከሩቅ አገር የመጡ ነገሥታት ይታያሉ፤ ከነገሥታቱ አንዱ ጥቁር ነው።

ለሰብሳቢ አስቸጋሪው ነገር እውነተኛውን መለየት ነው። በናፖሊ የሳን ግሬጎሪዮ አርሜኖ መንገድ ያሉ ባለሙያዎች ዛሬም በጥንቱ ዘዴ ይሠራሉ። አሮጌ ራስ ከአዲስ አካል ጋር ሊገጠም፣ ያረጀ ልብስም በሌላ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ ራስን፣ አካልንና ልብስን ለየብቻ መመርመር ያስፈልጋል።

ከዚህም የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ከአብያተ ክርስቲያናት የተሰረቁ ምስሎች ተበታትነው ይሸጣሉ። ጣሊያን በ1969 የቅርስ ጥበቃ ልዩ የፖሊስ ክፍል ያቋቋመች ሲሆን፣ ክፍሉ የተሰረቁ ቅርሶችን መዝገብ ይይዛል፤ ገዢም መዝገቡን ማየት ይችላል። ጥንታዊ ቅርስ ከአገሪቱ ለማውጣትም ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል።

አንድ እረኛ ብቻውን ቢያምርም ትርጉሙ የሚሟላው ከስብስቡ ጋር ሲሆን ነው። በናፖሊ ሳን ማርቲኖ ሙዚየም ከ1879 ጀምሮ የሚታየው የኩቺኒዬሎ ስብስብና በ1964 ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የተበረከተው የሎሬታ ሃይንስ ሃዋርድ ስብስብ ለዚህ ምሳሌዎች ናቸው። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶችን ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ «ይህ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይሆንም።